ወፍ አለ! የሜልበርን ፍሳሽ ማጣሪያ፣ በአስጎብኚም ያለ አስጎብኚም

የቸኮላችሁ ፍርዴን ቶሎ ውሰዱና ሂዱ። ቦታው ከአምስት አምስት። ከፍዬ የሄድኩበት ጉብኝት ከአምስት ሁለት፤ ሁለቱም ለአስጎብኚው ጆሮና ቴሌስኮፕ የሰጠሁት ነው፣ ለድርጅቱ አይደለም። መጀመሪያ የገዛሁት ባይናኩላር፣ ያ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር፣ ዜሮ፣ ሁለተኛው አራት ተኩል። ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ቡናችሁን ቀድታችሁ ቁጭ በሉ፣ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል።

ቦታው ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። አዎ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ። ከሜልበርን መሀል ከተማ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲባል፣ ከዌሪቢ አጠገብ፣ የባሕር ወሽመጡ ዳር ላይ የተዘረጋ 10,500 ሄክታር መሬት ነው። የሜልበርን ፍሳሽ ግማሽ ያህሉ እዚህ ይመጣል። እኔ ታርኒት ነው የምኖረው፤ በመኪና ቅርብ ነው። ወደ ጂሎንግ በሄድኩ ቁጥር በስተግራ ያንን ሜዳ አየውና «የማን እርሻ ይሆን?» እል ነበር። የእኛው የራሳችን መሆኑን ማን ነገረኝ! ጠዋት ጠዋት ውሃ የምንለቅበት ሁላ እዚያ ነው የሚደርሰው።

ወፍ ማየት የጀመርኩት በፍቅር አይደለም፣ በድብደባ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ አንዲት ማግፓይ፣ ያቺ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ከኋላ መጥታ አናቴን ጠቅ አድርጋኝ ሄደች። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ዣንጥላ ይዤ ወጣሁ። መስከረም ነበር፣ እዚህ የጸደይ መግቢያ ማለት ነው፣ ጫጩት የሚጠብቁበት ወቅት። አብራኝ የምትሠራ አውስትራሊያዊት «የሰው ፊት ይለያሉ፣ ካወቀችሽ ትተውሻለች» አለችኝ። እሺ እንተዋወቅ ብዬ በየጠዋቱ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ አያት ጀመር። እሷም ታየኛለች። በዚያው ገባሁበት። ማግፓይዋን ሳይ ሌላ ወፍ አየሁ፣ ሌላውን ሳይ ሌላ፣ ከዚያ የማላውቀውን ሁሉ መጠየቅ መጣ።

የዌሪቢን ነገር ቤት ሳወራ ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሌሊቱን የሰው ሽንት ስታጸጂ አድረሽ፣ ቅዳሜ ደግሞ የከተማውን ሽንት ለማየት ትከፍያለሽ?» አለኝ። እናቴ ደግሞ በስልክ፣ «ወፍ ለማየት? እዚህ ደጃፌ ላይ ቁራው መላወሻ አሳጥቶኛል፣ ነይና በነጻ እዪው» አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔም ሄድኩ።

ሽታውን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ይሸታል፣ ግን የምትፈሩትን ያህል አይደለም። ፍሳሹ መጀመሪያ የሚገባባቸው ትልልቅ ኩሬዎች ከላይ በግዙፍ ሸራ መሰል ነገር ተሸፍነዋል፣ ከሥር የሚወጣው ጋዝ ተሰብስቦ ኤሌክትሪክ ይመነጭበታል። ወፍ ወደሚታይባቸው ኩሬዎች ስትደርሱ ውሃው ብዙ መንገድ ተጉዟል። ነፋሱ ሲዞር አፍንጫ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ይለመዳል። የበግ በረት አጠገብ ያደገ ሰው ምንም አይመስለውም።

ታሪኩ ራሱ ደስ ይላል። በ1880ዎቹ ሜልበርን በወርቅ የበለጸገች ትልቅ ከተማ ነበረች፣ ፍሳሿ ግን በየመንገዱ ቦይ እየወረደ ወንዝ ውስጥ ይገባ ነበር። ታይፎይድ ሰው ይጨርስ ነበር። ሌሎች ከተሞች ስሟን አጣመው «ሽታበርን» በሚመስል ስም ይጠሯት ነበር፣ በእንግሊዝኛው «ስሜልበርን»። እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራው ተጀመረ፣ በ1897 የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከመስመሩ ጋር ተያያዙ። ፍሳሹ መሬት ላይ እየተለቀቀ ሣር ያበቅል ነበር፣ ሣሩን ከብትና በግ ይበላው ነበር። ወፎቹን የጠራቸው ማንም የለም። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ምግብ አልጌ ያበቅላል፣ አልጌው ትንኝና ትል ያረባል፣ ትሉን ፍለጋ ወፉ ይመጣል። እስካሁን ከ280 በላይ ዓይነት ወፍ ታይቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 በራምሳር ስምምነት ከተመዘገቡት የዓለም ረግረጋማ ቦታዎች ውስጥ ገባ። አሁን ለማጣሪያነት የማያገለግሉ ኩሬዎች እንኳ አሉ፣ ለወፎቹ ሲባል ብቻ ውሃቸው ከፍ ዝቅ እየተደረገ የሚጠበቅ። ሰው ለሰው እንዲህ አይጨነቅም።

እንግዲህ ወደ ጉብኝቱ።

በመጋቢት አጋማሽ አካባቢ ነበር። ማስታወቂያውን ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እንጀራቸው ነው። ሙሉ ቀን፣ ሁለት ቦታ፣ ምሳን ጨምሮ፣ ከ200 ዶላር በላይ። ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ሆዷ ብርቱካንማ የሆነች አረንጓዴ ፓሮት፣ በቀቀን፣ ናት። ስሟም እሱ ነው፣ «ብርቱካን ሆድ ፓሮት» በሉት። በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑ ወፎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 ታዝማኒያ ወደሚገኘው መራቢያ ቦታቸው ለመራባት የተመለሱት ከ20 ያነሱ ነበሩ። እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ፎቶዋን ሳይ ልቤ ቀለጠ፣ ካርዴን አወጣሁ።

በኋላ ነው የተማርኩት። እነዚህ ፓሮቶች በጋውን ታዝማኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ሜላሉካ በሚባል ቦታ ይፈለፍላሉ። ባሕሩን ተሻግረው ወደዚህ የሚመጡት ክረምቱን ለማሳለፍ ነው፣ አብዛኛውም ከሚያዝያ ጀምሮ። በመጋቢት እሷን ዌሪቢ ላይ ማየት ማለት በጾም ሥጋ ቤት ተሰልፎ እንደመጠበቅ ነው። ይህንን አስጎብኚው ያውቃል። ድርጅቱም ያውቃል። ፎቶው ግን እዚያው ተለጥፏል። ለዚህ ነው ኮከብ የቀነስኩት፣ ፓሮቷ ስላልመጣች አይደለም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንድንገናኝ ተባለ። በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ሚኒባሱ የመጣው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ወፍ ማየት ውስጥ 45 ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወፍ ሳይንጫጫ መድረስ ነው ቁም ነገሩ። ስንሞላ 12 ሰው ሆንን። ከመካከላችን ባይናኩላር የያዝነው አምስት ነን። የቀሩት ምን ሊያዩ እንደመጡ ስጠይቅ «ኮዋላ» አሉኝ፣ ያ ዛፍ ላይ የሚኖረው እንስሳ። ሁለተኛው ቦታ ዩ ያንግስ ነው፣ ከሜዳው መሀል ብቻውን የቆመ የድንጋይ ተራራ፣ ኮዋላ አለበት። ለካ እኔ ወፍ ብዬ የገባሁበት መኪና ለግማሹ ሰው የኮዋላ መኪና ነው! እነሱም አላጠፉም፣ የተሸጠላቸው እሱ ነው። ግን አንዱ ረግረግ ዳር ቁጭ ማለት ይፈልጋል፣ ሌላው ቶሎ ወደ ተራራው እንሂድ ይላል፣ አስጎብኚው መሀል ላይ ተሰቅሎ ሰዓቱን ያያል።

አስጎብኚው ግን ጎበዝ ነው። ይህንን ካልተናገርኩ ግፍ ነው። መስኮት ከፍቶ እየነዳ፣ ከሣር ውስጥ አንድ ቀጭን የዝዝታ ድምፅ ሲሰማ ፍሬን ያዘ። «ሲስቲኮላ፣ ራሱ ወርቃማ» አለ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ሁሉም ሰው ፀጥ ሲል ነው የገባኝ። አውራ ጣት የምታህል ወፍ፣ የሣር ጫፍ ላይ ሁለት እግሯን አንፈራጥጣ፣ አንዱን እግር አንዱ አገዳ ላይ ሌላውን ሌላው ላይ አድርጋ ቆማለች። ሲስቲኮላ የሚባለው ወገን እኮ አገራችን ሞልቷል፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል እያንዳንዱ ሜዳ ላይ አለ። ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ኖሬ አንዲት ሳላይ ቀርቼ፣ እዚህ መጥቼ ከፍዬ አየሁ። ለዚያች ቅጽበት አንድ ኮከብ።

ሁለተኛው ኮከብ ለቴሌስኮፑ። እሱም የራሱ የአስጎብኚው ነው፣ የድርጅቱ አይደለም። ግን አንድ ቴሌስኮፕ ለ12 ሰው! ተሰልፈን ነው ያየነው። ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ስደቅን ወፉ ሄዷል። ሁለተኛ ተሰለፍኩ። አንዱ ሰውዬ ስልኩን ቴሌስኮፑ ላይ ለጥፎ ፎቶ ለማንሳት ሲታገል አምስት ደቂቃ በላ።

ሌላው ነገር ዝርዝሩ ነው። አስጎብኚው ማታ ላይ በኢሜይል የሚልክላችሁ የታዩ ወፎች ዝርዝር አለ። 71 ዓይነት። ያንን ቁጥር ለመድረስ ነው ቀኑን ሙሉ የሮጥነው። መኪና ቆም፣ «በስተቀኝ፣ ቀይ አንገት አቮሴት፣ አያችሁ? ጥሩ»፣ መኪና ሂድ። ታናናሾቹን የጭቃ ወፎች ስንደርስ ነው በጣም የተናደድኩት። ጭቃው ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም የሚሯሯጡ። «ይሄ የቱ ነው? ያኛውስ?» ብዬ ስጠይቅ «ብዙዎቹ ስቲንት ናቸው፣ ሌሎቹም አሉ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሌሎቹም አሉ! እኔ 200 ዶላር የከፈልኩት ለ«ሌሎቹ» ነበር። ዝርዝሩን ዛሬ ሳነበው ከ71ዱ ውስጥ ዓይኔ ላይ ያለው አሥር ቢሆን ነው። በወፍ በረር የሚባለው ይኸው ነው መሰለኝ።

ምሳውን ልንገራችሁና ልተወው። ጾም ነው፣ ዐቢይ ጾም። ስመዘገብ ቅጹ ላይ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሌለው» ብዬ ጽፌአለሁ፣ ማረጋገጫም መጥቶልኛል። ሳጥኑን ስከፍት የእንቁላል ሳንድዊች። አስጎብኚው አፈረ፣ ከቦርሳው አንድ ሙዝ አውጥቶ ሰጠኝ። በዚያች ሙዝ ነው ቀኑን የዋልኩት። የገረመኝ ደግሞ፣ እኛ የምንጾምበት ወር ለእነዚያ ታናናሽ ወፎች የመብል ወር ነው። ቀይ አንገት ስቲንት የምትባለው 30 ግራም አካባቢ ናት፣ የአንድ እፍኝ ቡና ያህል እንኳ አትከብድም። እንቁላሏን የምትጥለው ሳይቤሪያ ጫፍ ላይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ስለሆነ ሌት ተቀን ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ ደረቷ አካባቢ መቅላት ይጀምራል። እኔ ሙዜን ይዤ እነሱን ሳይ ሆዴ ይጮሃል፣ እነሱ ቀና እንኳ አይሉም።

ተራራው ላይ ኮዋላ አየን። ተኝቷል። ሰዎቹ ተደሰቱ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እሺ፣ ፓሮቷስ?» አለኝ። «ወፍ የለም» አልኩት። እስካሁን ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ባይናኩላሩ፣ ምክንያቱም ብስጭቴ ግማሹ የራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ከኢንተርኔት ገዛሁ። ከሠላሳ ጊዜ በላይ ያጎላል ተብሎ የተጻፈበት፣ ዙም ያለው፣ ርካሽ። ብዙ ካጎላ ጥሩ ነው ብዬ ነዋ። ሲመጣ ውስጡ ጭጋግ የሞላበት ይመስላል፣ እጄ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወፉ ሰማይ ይደርሳል። እንዳትሸወዱ። ባይናኩላር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፣ ለምሳሌ 8 በ42። ስምንቱ ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ነው፣ አርባ ሁለቱ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ማጉላቱ ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል፣ የሚታየው ሜዳም ይጠባል። ሰፊ መስታወት ደግሞ ብርሃን ያስገባል፣ ገና ሳይነጋ ለሚወጣ ሰው እሱ ነው የሚጠቅመው። ስለዚህ ለጀማሪ 8 በ42፣ አለቀ። እኔ ሁለተኛ እጅ አገኘሁ፣ ከአንድ ጡረተኛ ወፍ ተመልካች፣ መስታወቱ ንጹሕ፣ አንገት ማንጠልጠያው ያለቀ። ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት ለማንጠልጠያው ነው፣ አንገት ይቆርጣል።

ፈቃዱን ከዚያ በኋላ አወጣሁ። ማጣሪያው አጥር አለው፣ በሮቹ ዝግ ናቸው፣ የፈለገ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ለወፍ ተመልካች ግን የራሱ ፈቃድ አለ፣ የሚሰጠው ቦታውን የሚያስተዳድረው ሜልበርን ዋተር ነው። ደንቡን አንብባችሁ ታመለክታላችሁ። ዝርዝሩን ከእነሱ ገጽ ላይ ብታዩ ይሻላል፣ አሠራር ይቀያየራል። የእኔ ነጥብ አንድ ነው፤ ለአንድ ቀን ጉብኝት ያን ሁሉ ብር ከማውጣት በፊት በራሳችሁ መግባት እንደሚቻል እወቁ። ማስታወቂያው ይህንን አይነግራችሁም። እኔም ከፍዬ ከተመለስኩ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሁለተኛው ጉዞዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ባለቤቴ ሊነዳ መጣ፣ ሌሊቱን ሠርቼ ስለነበር እንቅልፍ ይወስድሻል ብሎ ፈርቶልኝ ነው። «እኔ ግን መኪና ውስጥ እተኛለሁ» አለ። ሽሮና ጎመን ጠቅልዬ፣ ቡና በፔርሙዝ፣ ውሃ በጀሪካን። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ሱቅ የለም፣ ጥላም የለም። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሞቅ ባለ ቀን እባብ አለ፣ ታይገር የሚባለው፣ መርዘኛ ነው፤ ሣር ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ። ዝንቡን አላወራም።

ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ከዩ ያንግስ ተራራ ላይ ብርሃኑ ሮዝ ሆኖ ሲወርድ፣ በሌላ በኩል የአቫሎን አውሮፕላን ማረፊያ መብራት ይታያል። ቲ ሴክሽን በሚባለው በኩል አንድ ኩሬ መረጥኩ። አንድ ብቻ። ወንበሬን ዘረጋሁ፣ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ወንበሩን ወደኋላ ጥሎ ተኛ።

ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ወፎቹ ይሸሻሉ። ከዚያ ይረሱሻል። መጀመሪያ ጥቁር ዳክዬ የሚመስሉ ጥላዎች ብቻ ነበሩ፣ ፀሐይዋ ወጣ ስትል ከአሥር ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ መሆናቸው ታየኝ። ጎናቸው የሜዳ አህያ ነው። እንዳለ የሜዳ አህያ፣ ነጭና ጥቁር ቡናማ መስመር። ምንቃራቸው ደግሞ ለሌላ ወፍ ተሠርቶ በስህተት የተለጠፈባቸው ነው የሚመስለው፣ ረጅም፣ ጫፉ አራት ማዕዘን፣ በሁለት በኩል እንደ ጨርቅ የሚንጠለጠል ነገር አለው። ሮዝ ጆሮ ዳክዬ ናቸው። ሮዙ የታለ? ከዓይናቸው ኋላ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ናት። በጉብኝቱ ቀን እነዚህን ዳክዬዎች አይተናል፣ ዝርዝሩ ላይ አሉ። ሮዟን ነጥብ ግን ማናችንም አላየናትም።

ሁለቱ ተጠጋጉ። የአንዱ ራስ በሌላው ጅራት በኩል፣ ምንቃራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው መዞር ጀመሩ። ክብ ይሠራሉ፣ ዝም ብለው ይዞራሉ፣ አያቆሙም። ውሃው መሀላቸው ላይ ይሽከረከራል፣ ከታች ያለውን ረቂቅ ምግብ ወደ ላይ ያመጣላቸዋል፣ እነሱ በዚያ ምንቃር ያጣሩታል። ፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ የተቀመጠ ማጣሪያ። ሌሎች ሁለት መጡ፣ እነሱም የራሳቸውን ክብ ጀመሩ። ትንፋሼን ይዤ ስንት ሰዓት እንዳየኋቸው አላውቅም። ድንገት ከኋላዬ፣ «እስክስታ ነው እንዴ የሚመቱት?» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ነው፣ ነቅቶ ቆሟል፣ ጸጉሩ ቆሟል። «ዝም በል» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ ባይናኩላሩን ስጪኝ ማለቱ ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ቴሌስኮፕ ተሸክመው መጡ። ከሰማንያ በላይ ይሆናቸዋል፣ ባርኔጣቸው ላይ ወፍ ፈስሶበታል። ሰላም አሉን፣ ጭቃው ላይ አነጣጠሩ፣ ሳንጠይቃቸው «ነይ እዪ» አሉኝ። አጎንብሼ አየሁ። በእነዚያ ግራጫ ስቲንቶች መሀል አንድ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ምንቃሩ ረዘም ብሎ ወደ ታች የጎበጠ፣ ሆዱ ወደ ቀይ ጡብ መልክ መቀየር የጀመረ ወፍ አለ። ከርሊው ሳንድፓይፐር። ያ «ሌሎቹም አሉ» የተባለው ማለት ነው! አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2015 ክፉኛ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርዝር ውስጥ ያስገባችው ወፍ። ሽማግሌው እንዳሉኝ ችግሩ እዚህ ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ፣ ቻይናና ኮሪያ መካከል ባለው ቢጫ ባሕር ዳር አርፈው የሚበሉበት ጭቃ በግንባታ እየተደፈነ ነው። መኖ ያለበት ማረፊያ እየጠፋ ሄደ ማለት ነው፣ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ይገባዋል።

ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዓይናቸው በራ። «ይሄ እኮ እናንተም ጋ አለ» አሉ። እውነት ነው። ከሳይቤሪያ ምዕራቡ ወገን የሚነሱት ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ አቢጃታ ሐይቅ ዳር ጭቃ ላይ ይከርማሉ። ምሥራቁ ወገን ወደዚህ ይመጣሉ። እኔ ያየሁት አቢጃታን አያውቃት ይሆናል፣ የአጎቱ ልጅ ግን ያውቃታል። ላንጋኖ ለመዝናናት ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አቢጃታ እዚያው አጠገቡ እያለች፣ መኪና አቁሜ ጭቃውን ያየሁበት ቀን የለም። ፍላሚንጎ አይተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ጥብስ ፍለጋ ነው የምንሄደው።

ሽማግሌው 40 ደቂቃ ያህል አብረውን ቆሙ። ስቲንትን ከሳንድፓይፐር እንዴት እንደምለይ አሳዩኝ፣ መልኩን ተይው አካሄዱን እዪ አሉኝ፤ ስቲንቷ ልብስ እንደምትሰፋ ሲንገር ጠቅ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ያኛው ውሃ ውስጥ ገባ ብሎ ምንቃሩን ጠልቆ ይፈልጋል። አንድ ሳንቲም አልጠየቁም። ጎመንና ሽሮ አቀረብኩላቸው። ሽሮውን ሁለት ጊዜ ወሰዱ።

በዚያ ቀን የጻፍኩት 34 ዓይነት ወፍ ነው። የጉብኝቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። 34ቱንም ግን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ሰው ያየውን ወፍ ወደሚመዘግብበት ድረ ገጽ፣ ወደ ኢበርድ አስገባሁት፣ ነጻ ነው፣ ኮርኔል የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወፍ ተቋም ነው የሚያስተዳድረው። ከመሄዳችሁ በፊት ሌሎች ባለፈው ሳምንት ምን እንዳዩ እዚያ ላይ ማየት ትችላላችሁ። እሱን አይቼ ቢሆን ኖሮ ፓሮቷን በመጋቢት አልፈልጋትም ነበር።

ጉብኝቱ ለማን ይሆናል? መኪና ለሌለው፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሜልበርን ለመጣ፣ ኮዋላም ወፍም ልይ ለሚል እንግዳ። ለእሱ ይሁን፣ ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። እዚህ ለምትኖሩ፣ ፉትስክሬይ፣ ሰንሻይን፣ ታርኒት ላላችሁ፣ ገንዘባችሁን ባይናኩላር ላይ አውሉት። ፈቃድ ለማውጣት የሚሰለቻችሁ ደግሞ ዊሊያምስታውን ውስጥ ጆቦን የሚባል ጥብቅ ቦታ አለ፣ ባሕር ዳር፣ ለሁሉም ክፍት፣ በእግር የሚሄዱበት፣ ጥቁር ዝይ መሳይ ስዋንና ፔሊካን ሞልቶታል። ልጆች ይዞ ለመሄድ እሱ ይሻላል።

ፓሮቷን በግንቦት ልፈልጋት ሄድኩ። ሁለት ቅዳሜ። ወፍ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ። ባለቤቴ ባይናኩላሩን ከዚያ ቀን ወዲህ አልመለሰልኝም። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ ማግፓይዋን ያያል፣ እኔ ከሥራ ስገባ «ዛሬ ጫጩቷን አመጣቻት» እያለ ሪፖርት ያቀርባል። 8 በ42፣ ሁለተኛ እጅ፣ መስታወቱ ያልተጫረ የሚሸጥ ካላችሁ ጻፉልኝ። ማንጠልጠያው ቢያልቅም ግድ የለም።